በሰፌድ የተከደነው ገበጣ

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ስማዳ ባል አግብታ ስትሄድ፣ እኔ ጋይንት አጎቴ ቤት ቀረሁ። አጎቴ አያ ካሴ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ገብሱን ወቅቶ ጎተራ ከከተተ በኋላ ከማንም ጋር ሁለት ቃል የማይለዋወጥ ሰው ነበር። ያመጡኝ ዕለት «እንግዲህ ቤትሽ ነው» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ያለኝ አይመስለኝም።

ዝምታው የሚሰበረው አያ ጥጋቡ ሲመጣ ብቻ ነበር። የእስቴ ነጋዴ ነው፤ በርበሬ በበቅሎ ጭኖ ወደ ንፋስ መውጫ ገበያ ሲወጣ እኛ ቤት ሁለት ሦስት ቀን ያርፋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱ ከዋንዛ የተጠረበውን ገበጣ መሀላቸው አድርገው ምድጃው ዳር ይቀመጣሉ፤ ከጨዋታው ግን ወሬያቸው ይበልጥ ነበር። አያ ጥጋቡ የዞረበትን አገር ሁሉ የሚያውቀው በጨዋታው ነው። «የስማዳ ሰው ገበጣ ሲጫወት ይጮሃል፤ እናንተ ጋይንቶች ደግሞ ልቅሶ ቤት የተቀመጣችሁ ነው የምትመስሉት» ይላል። አንድ መነኩሴ ጠጠር በጨበጡ ቁጥር በግዕዝ ሲያጉተመትሙ የሚጸልዩ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ሲጠብቅ፣ ለካ ሰውየው ይቆጥሩ ኖሯል፤ ይህን ስንት ጊዜ እንዳወራልን አላስታውስም። የገና ጨዋታ ከተነሣማ የሚያቆመው የለም። የፊት ጥርሱን ያጣው በገና ዱላ ተመትቶ ነው፣ እሱ ግን ባዶ ድዱን እያሳየን «ከገና የሚበልጥ ጨዋታ የለም» ብሎ ይሟገታል።

«ጥርስህን ያወለቀህ ጨዋታ ነው ደግ?» ይለዋል አጎቴ እየሳቀ። «ገበጣ እኮ ሰው አያደማም።»

ያኔ የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው፣ የፍሙን ቅላት እያየሁ፣ አጎቴ ሲስቅ መስማት ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር! አያ ጥጋቡ ሲሄድ ሳቁም አብሮት ይሄዳል።

በአንድ የጥር ማምሻ ጨዋታቸው ሳያልቅ የአያ ጥጋቡ የመንገድ ጓደኞች በቅሎዎቻቸውን ጭነው ከደጅ ተጣሩ። እየተነሣ «ተራው የኔ ነው። እስክመለስ እንዳይነካ!» አለ። አጎቴ ገበጣውን እንዳለ መደቡ ላይ አስቀምጦ ሰፌድ ከደነበትና ወደ እኔ ዞሮ «ሌላው ሁሉ ያንቺ ነው፣ ይህን ብቻ አትንኪ» አለኝ።

ሑዳዴ ገባ። አጎቴ እርሻ ውሎ እስኪመለስ እኔ ከቤቱ ጋር ብቻዬን ነኝ፤ ቀኑ አልመሽ ይላል። አንድ ቀን ሰፌዱን ገለጥኩት። ከጠጠሮቹ አንዷ ነጭ ነበረች፤ እሷን እናቴ አልኳት፣ ትንሿን ደግሞ ራሴን። ተራርቀው ነው የተቀመጡት። አንስቼ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አስገባኋቸውና ስማዳ አብረን እንደምንኖር እያደረግሁ ሳጫውታቸው ዋልኩ። የአጎቴ ሳል ከደጅ ሲሰማኝ በድንጋጤ የመሰለኝ ቦታ መልሼ ሰፌዱን ከደንኩ።

አያ ጥጋቡ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰፌዱን ራሱ አነሣና ጎንበስ ብሎ አየ፤ ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ካሴ፣ እዚህ አራት ነበር የተውኩት። ሦስት ነው ያለው።»

«ማንም አልነካውም።» አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «ጥሩዬ፣ ነክተሽዋል?»

«አልነካሁም» አልኩ።

«ይኸው ሰማህ። በቤቴ ማንም አልነካውም፤ የደብራችን የቤተ ልሔም ታቦት ምስክሬ ናት!»

አያ ጥጋቡ ከገበጣው ቀና አለ። «ለጠጠር ብለህ በታቦት ትምላለህ?» አለ። አጎቴ በገበጣው ቢያጭበረብረው ኖሮ ስቆበት ባለፈ፤ በሐሰት ከሚምል ሰው ቤት ግን አያድርም። በዚያው ማታ ዕቃውን አውጥቶ ጎረቤት ሄደ፤ በንጋታው በደጃችን ሲያልፍ ዞር ብሎም አላየ። አንድ ቃል ብናገር ይቀር ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ከእሳቱ በቀር ድምፅ ያለው ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። አጎቴ ገበጣውን አያነሣው፣ አይጫወትበት፤ ዝም ብሎ ያየዋል። አንድ ቀን አልቻልኩምና እያለቀስኩ ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ «ያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም?» ብቻ አለኝ።

«ያባርሩኛል ብዬ።»

ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። በማግስቱ የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ ለሐሰት መሐላው ቀኖና ተቀበለ። መስቀል ውሎ ወንዙ ሲጎድል ደግሞ አያ ጥጋቡን ሊያመጣው በእግሩ እስቴ ወረደ። በስድስተኛው ቀን ብቻውን ተመለሰ።

«ታረቅን» አለኝ እግሩን እያጠብኩት። «በግ አርዶ ነው የተቀበለኝ። ግን ንግዱን ወደ ደብረ ታቦር አዙሮታል። የሚጫወተውም ሌላ ሰው አግኝቷል።»

ማታ ገበጣውን አውርጄ ጠጠሮቹን በየጉድጓዱ እኩል አደልኩና ከፊቱ ተቀመጥኩ፤ ያሳጣሁትን ሰው በራሴ ልተካለት አስቤ ነው። ጥቂት ተጫወትን። ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

«የናፈቀኝ ገበጣው አይደለም፣ የኔ ልጅ። ወሬው ነው። እስኪ አንቺ አውሪኝ።»

ምን ላውራው? የዞርኩበት አገር የለ፣ ያሸነፍኩት ሰው የለ። የማውቀው ነገር ቢኖር እናቴ ትታኝ መሄዷን ነው፤ እሱን ደግሞ እንዴት እንደሚወራ አላውቅም። ዓይኖቹን እኔ ላይ ተክሎ ብዙ ጠበቀኝ። ፍሙ አመድ ለበሰ፤ እሱም ኩራዙን አጠፋው።

አጎቴ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው። ዛሬ ለልጆቼም ለጎረቤቶቼም አውርቼ የማልጠግብ ሴት ነኝ፤ ይስቁብኛል። የዚያን ማታ ሳላወራ የቀረሁትን ግን ለማንም ባወራው አይወጣልኝም፤ አውሪኝ ብሎ ጠይቆኝ የነበረው እሱ ነው።