በግራ እጄ ያማተብኩበት ሥዕል

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ፣ ካሮልተን የምትባል ከተማ ስንኖር የሆነ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

እዚያው አቅራቢያ ሮውሌት ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ አዛውንት ቤታቸው እየሄድኩ እረዳ ነበር። ሙሴ አርማን እላቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ሠዓሊ ነበሩ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ይሥሉና ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያትሙታል። አሜሪካዊት ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ጋራዥ ውስጥ ከድንጋዮቻቸው ጋር ብቻቸውን ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ "ይሄ የመጨረሻዬ ነው" ብለው አንዱ ላይ ሲሠሩ ከረሙ። ምን እንደሆነ ግን አያሳዩኝም።

አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብላቸው "ቆይ" ብለው የመጀመሪያውን ቅጂ ሰጡኝ። እኔ ነኝ! ሻሼ ሳይቀር፣ ከምግብ በፊት ሳማትብ። እልል ልል ስል እጄን አየሁት። የማማትበው በግራዬ ነው።

ደሜ ፈላ። "በሃይማኖቴ ይቀልዳሉ?" አልኳቸው።

"ኖ፣ ኖ፣ ድንጋዩ..." እያሉ ወደ ጋራዡ ሊወስዱኝ ሞከሩ። እኔ ደሞ አንዴ ከተናደድኩ ጆሮ የለኝም። ሥዕሉን እፊታቸው ለሁለት ቀድጄው ወጣሁ። ሶ ለቀጠረኝ ኤጀንሲ ኮል አድርጌ "ሌላ ሰው መድቡላቸው" አልኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ለጸሐፊው ለጋሽ ታደሰ ይህንኑ በኩራት አወራሁላቸው። ደብዳቤ ላይ ማኅተም እየመቱ ነበር። ማኅተሙን ገልብጠው አሳዩኝ፤ ፊደሉ ሁሉ የዞረ ነው።

"ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው የሚቃናው። ድንጋዩ ላይ በቀኝ ከሣሉሽ በግራ ይወጣላ፣ አንቺ!"

ምነው ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ሰኞ በጠዋት ሙሴ አርማን ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። "ማሰብ ነበረብኝ። የእጁ ነገር ለናንተ ይህን ያህል መሆኑን አላወቅኩም" አሉ። እባክዎ ሌላ ያትሙልኝ ብዬ ስለምናቸው ድንጋዩን አሳዩኝ። አስቀየምኳት ብለው ሥዕሉን በአሸዋ ፍቀው አጥፍተውታል። የቀረው እኔ የቀደድኩት ብቻ ነው። እሱንም ከጀርባው በፕላስተር አጣብቀው ሰጡኝ።

አሁን ሳሎኔ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ "ምነው በግራ?" ይላል፤ እኔም የድንጋዩን ነገር እንደ አዋቂ አስረዳለሁ። "መሃሉንስ ምን ነካው?" ሲሉኝ ግን "ልጆች ናቸዋ" እላለሁ።

ይኸው ስንት ዓመት ልጆቼ ጥፋቴን ተሸክመውልኛል። የቀደድኩት እኔ ነኝ።