የወፍራሙ ድምፅ ቦታ

ፀጉር ቤት ገብቼ አልኮሉ አንገቴን ሲያቃጥለኝ፣ ዛሬም ቀጭኗ ድምፅ ሳላስበው ከጉሮሮዬ ትወጣለች። ባለፈው ሰሞን የሚያስተካክለኝ ልጅ ቶንዶሱን አጥፍቶ «አመመዎት እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ለአንተ ግን ልንገርህ።

ደብረ ታቦር መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈራችን ፀጉር ቤት ቶንዶስ ዝም ይል ነበር። ግማሽ ጭንቅላቱ የተስተካከለ ደንበኛ ተነሥቶ መሄድ አይችል፣ ቁጭ ብሎ ይራገማል። መዝፈን የጀመርነው ያንን እርግማን ለማብረድ ነው። አራት ነበርን፦ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ወፍራም ድምፅ የነበረው ባጃጅ ነጂ፣ እና ቀጭኗን ድምፅ የምይዘው እኔ። አንድን ዘፈን ለአራት ድምፅ ከፍሎ መዝፈንን ያስተማረን መምህሩ ነው። «የራስህን መንገድ ያዝ፤ የሌላውን አትርገጥ» ይለን ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የባጃጅ ነጂው አባት ጢማቸው በግማሽ ተላጭቶ መብራት ሲጠብቁ ሰሙንና፣ «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ተስማሙ፤ ከዚያ ትዘፍናላችሁ» ብለው ሳቁብን።

ሲገጥምልን ግን ደስ ሲል! በበሩ በምትገባው ፀሐይ ላይ ፓውደሩ ይበናል፤ የባጃጅ ነጂው ድምፅ ከመሬት የሚወጣ ይመስል የተቀመጥንበትን አግዳሚ ይነዝረዋል። መብራት መጣ ብሎ የሚቆጣ ደንበኛ ሁሉ ነበረን።

ከዚያ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ። ባጃጅ ነጂው አንድ ጠዋት ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ወደ ጉና ተራራ በኩል ወጣ። እሷም ዘንድ አልደረሰም፤ ወደ እኛም አልተመለሰም።

በእኛ አገር ልጅ የሞተበት አባት ጢሙን ያሳድጋል። አባትየው ግን በየቅዳሜው እየመጡ በምላጭ ሙልጭ ብለው ይላጩ ጀመር። ጢም ካበቀሉ ልጃቸው ሞተ ማለት ነው፤ ያንን በአፋቸው ሊናገሩት ቀርቶ በፊታቸውም ሊያሳዩት አልፈለጉም። ጉንጫቸው በምላጭ ብዛት ቆስሎ ፀጉር አስተካካዩ፣ «አባባ፣ ለዛሬ እንኳ ይለፉት» ሲላቸው፣ «ምን ሆኜ? ሐዘንተኛ ነኝ?» ይሉት ነበር።

ቀጥለው «በሉ እስቲ ዝፈኑ» ይሉናል። በሦስት ድምፅ እንዘፍናለን፤ ልጃቸው ብቻውን ይወርድበት የነበረው ቦታ ስንደርስ ዝም እንላለን። አንድ ቀን መምህሩ ሌላ ወፍራም ድምፅ እንፈልግ ቢል፣ ሳሙናው ፊታቸው ላይ እንዳለ ዞሩበት።

«ቦታው ባለቤት አለው። መጥቶ ሰው ተቀምጦበት ቢያገኘው ምን ልትሉት ነው?»



ከዚያ ቅዳሜ ቢመጣ፣ ቅዳሜ ቢሄድ ቀሩብን። ከጉና የወረደ ሰው የልጁን ጃኬት አምጥቶላቸዋል ሲባል ሰማን፤ ወሬ ነው እንጂ ብለን ራሳችንን ሸነገልን። በመጨረሻ መጡ። ጢማቸው አድጎ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ መንጣቱን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ልማድ ሆኖበት ምላጩን ሲያነሣ እጁን ያዙት።

«ለመላጨት አይደለም የመጣሁ» አሉ።

በለቅሶ ዘፈን ነውር ነውና ዝፈኑም አላሉን። ወንበሩ ላይ ትንሽ ተቀመጡ፤ ወደ መስተዋቱ አላዩም። ሲነሡ፣ «የልጄን ቦታ ለሌላ ስጡት» ብለውን ወጡ።

አልሰጠነውም። ዘፈኑንም ያን ቀን ተውነው። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲጠፋ፣ ሦስታችንም አግዳሚው ላይ ተቀምጠን የደንበኛውን እርግማን እንሰማ ነበር።