ቤተልሄም ትታው የሄደችው ተክል

ወይዘሮ ሀረገወይን መጀመሪያ እጃቸው ላይ ፌስታል ያጠልቃሉ። ተክሉ ከተተከለበት ግማሽ በርሜል ዙሪያ የረገፉትን ቀጫጭን ቅጠሎች ይለቅማሉ። ከሥሩ ያለውን ሰሃን አንስተው ያቆረውን ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋሉ። በርሜሉን የከበበውን የወንፊት ሽቦ መልሰው በሲባጎ ያስራሉ። ከዚያ ፌስታሉን ገልብጠው ያወልቁና እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ።

ተክሉ ሮዝ ቀለም ያለው አበባ ያወጣል። ነገሌ ቦረና ጦር ሰፈሩ አጠገብ ባለው በዚህ ግቢ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «የቤተልሄም» ነው የሚሉት። ቤተልሄም የሃምሳ አለቃ ሚስት ነበረች። በድንበሩ ጦርነት ባሏ ወደ ሰሜን ሲታዘዝ ተከትላው ሄደች። ተክሉንና ግራጫ ድመቷን ለጎረቤቷ ሰጥታ፣ «አደራዎን እትዬ፣ ስመለስ እወስዳቸዋለሁ» አለች። ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም።

በዚያው በጋ ውሃ ጠፋ። ድመቷ ከተክሉ ሥር ካለው ሰሃን፣ ቅጠል የወደቀበትን ውሃ ጠጣች። አስመለሳት፣ ለሃጯ ተዝረከረከ፣ እግሯ ከዳት፤ ሳይመሽ ሞተች። ወይዘሮ ሀረገወይን የተመረዘ አይጥ የበላች መስሏቸው ነበር። እውነቱን የነገራቸው ከዓመታት በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው፦ ቅጠሉም፣ አበባውም፣ የተነከረበት ውሃም የድመትና የውሻ ልብ ያቆማል።

ባለፈው ወር የጎረቤታቸው የጋልጋሎ ውሻ ቅጠሉን አኘከች። ክሊኒክ ቶሎ ስለደረሰች ተረፈች። ጋልጋሎ ሲመለስ በራቸው ላይ ቆመ።

«አካም እትዬ! ይሄን ወታደር ተክል መቼ ነው ጡረታ የሚያወጡት?»

«አደራ ነው ጋልጋሎ።»

«አደራ የሰጠችዎትስ የታለች? መጥረቢያ ላምጣ፣ አሁኑኑ ላንድደው።»

«እንዳታነደው! ጭሱም መርዝ ነው።»

«ያ ዋቃ! ሞቶም አርፎ አይተኛም?»

«መጥታ ‹ድመቴስ?› ብትለኝ ምን አሳያታለሁ? በእጄ የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

ጋልጋሎ መጥረቢያውን ትቶ ሌላ መላ ፈለገ። የወንፊት ሽቦውን ያመጣላቸው እሱ ነው።

ወይዘሮ ሀረገወይን ጠዋት በር ሲከፍቱ የሞተችው ግራጫ ድመት በርሜሉ ዳር ተቀምጣ ያያሉ። «ጠምቷት ነው» ይላሉ፤ የጎረቤት ነገር እንደሚያወሩ ሁሉ። ከበሩ ወዲህ ንጹህ ውሃ ያስቀምጡላታል። ውሃው ይጎድላል። ጋልጋሎ «የምትጠጣው ውሻዬ ናት» ይላል፤ እሳቸው አይከራከሩትም።

ይህን ታሪክ ሲያጫውቱኝ፣ ጻፍልኝ ያሉኝ ይህን ነው፦ «ቤተልሄምን የምታውቁ፣ በሕይወት ካለች፣ ድመቷ መሞቷን እናንተ አስቀድማችሁ ንገሩልኝ። እኔ ዓይኗን እያየሁ አልችልም። ተክሉን መጥታ ትውሰድ፤ መምጣት ካልሆነላት ደግሞ ‹ይንቀሉት› ትበለኝ።»