አቻ የሌለበት ሜዳ

ክሪኬት የተማርኩት ህንድ፣ ፑኔ ከተማ፣ ለዲግሪ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ከሆስቴላችን ጀርባ የሚጫወት ክለብ ነበር። አንድ ቀን ሰው ጎድሎባቸው በዚያ ሳልፍ አዩኝና ጠሩኝ። ቁመቴን አይተው ኳስ ይወረውራል ብለው ነበር፤ መወርወሩ ግን አልሆነልኝም። የሆነልኝ መከላከል ነው። ባት የሚሉትን የእንጨት መምቻ ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ ከኋላዬ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ኳስ እንዳይነካቸው መጠበቅ። ከነካቸው መቺው ከጨዋታ ይወጣል። ሌሎቹ ኳሷን ወደ ሰማይ ሲልኩ እኔ እግሬ ሥር እገድላታለሁ።

ይህ ሙያ የሆነልኝ በጨዋታው ዓይነት ነው። እዚያ የክለቦች ሊግ አንድ ጨዋታ ሁለት ቀን ይፈጃል። ቅዳሜ አንዱ ቡድን ይመታል፣ እሁድ ሌላው ይመልሳል። እሁድ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለተኛው ቡድን የተቆጠረበትን ነጥብ ባይደርስበት እንኳ፣ መቺዎቹ ተራ በተራ ወጥተው ካላለቁ ጨዋታው አቻ ነው። ስለዚህ ማሸነፍ ያቃተው ቡድን ላለመሸነፍ ይታገላል፤ ያኔ የሚፈለገው እንደ እኔ ያለ ሰው ነው። አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ገብቼ እስኪመሽ ቆሜ፣ ይህ ነው የሚባል ነጥብ ሳላስቆጥር ቡድኑን ከሽንፈት አዳንኩ። ተሸክመውኝ ወጡ። በሕይወቴ ሰው ትከሻ ላይ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ ዲቪ ደርሶኝ ከሚስቴ ጋር ቴክሳስ ገባሁ። ዳላስ አጠገብ ዩለስ የምትባል ከተማ አፓርታማ ተከራየን፣ እኔም ኤርፖርቱ ላይ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል ሰው የሚያመላልስ ባስ መንዳት ጀመርኩ። አንድ ቀን የአንድ መንገደኛ ሻንጣ ሳነሳ፣ ዚፑ ባልተዘጋበት በኩል የባት እጀታ ብቅ ብሎ አየሁ።

«ክሪኬት ትጫወታለህ?» አልኩት።

ሰውየው ትክ ብሎ አየኝ። «አንተ ደግሞ ከየት አወቅከው?»

የሃይደራባድ ልጅ ነው፤ ፕሌኖ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ የሚሠራ፣ የአንድ ክለብ ካፒቴን። ተርሚናሉ እስክንደርስ ስለ ፑኔ አወራን። ሲወርድ ስልክ ቁጥሬን ወሰደ፣ በሳምንቱ ኮል አድርጎ እሁድ ና አለኝ።

የዳላስ ጨዋታ ሌላ ነበር። ሣሩ መሐል ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶው ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፏል። ጨዋታው በአንድ እሁድ ያልቃል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አርባ ኦቨር ይሰጠዋል፣ አንድ ኦቨር ማለት ስድስት ኳስ ነው። ኦቨሩ ሲያልቅ ብዙ ነጥብ ያለው አሸነፈ፣ በቃ። አቻ ብሎ ነገር የለም። ሕጉን አውቀዋለሁ፣ እጄ ግን አላወቀውም። በመጀመሪያው ጨዋታ ኳስ ስገድል ቆይቼ፣ ገና ሦስት መቺዎች ተቀምጠው ሳሉ ኦቨራችን አለቀና ተሸነፍን።

ያን ቀን አብረውኝ የመቱት አንድ የባርቤዶስ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአውሮፕላን መካኒክ ሆነው የኖሩና ጡረታ የወጡ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም እንጂ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። አጠገቤ ተቀምጠው ጫማቸውን እየፈቱ፦

«በእኛ ደሴት አንድ ጨዋታ ሦስት ቅዳሜ ይወስዳል» አሉኝ። «ቅዳሜ ሳልወጣ ከመሸ፣ ሳምንቱን ሙሉ እየሠራሁ በልቤ እመታለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ሰው ቶሎ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል።»

ቢሆንም ለመድኩ። በአርባው ኦቨር ቀድሜ እየገባሁ፣ ኳሷ አዲስና አስቸጋሪ በሆነችበት ሰዓት መከላከል ሥራዬ ሆነ። ካፒቴኑ ትከሻዬን እየመታ «ኢንሹራንሳችን» ይለኝ ነበር። ደስ ይለኛል፤ ሞኝ ስለሆንኩ።

ከዚያ ህንድ ውስጥ አጭሩ ጨዋታ ፋሽን ሆነ። በቴሌቪዥን ሙዚቃና ርችት ያጀበው፣ ለአንድ ቡድን ሃያ ኦቨር ብቻ። የእኛም ሊግ ሃያ አደረገው። ምክንያት አላጡም፤ የነሐሴ ሙቀት፣ የቤተሰብ ጊዜ፣ የሜዳ እጥረት። በሃያ ኦቨር ግን መከላከል ማለት ቡድንህን መግደል ማለት ነው።

ካፒቴኑ አልዋሸኝም፣ እውነቱንም አልነገረኝም። «አንተ ሕጉን ታውቃለህ፤ ለጊዜው ዳኝነቱን ያዝልን» አለኝ። ፑኔ ዳኛ የሚመድበው ማኅበሩ ነበር። ዳላስ ግን እያንዳንዱ ክለብ በየሳምንቱ የሌሎች ጨዋታ ላይ ሁለት ዳኛ መላክ አለበት፤ ካልላከ ይቀጣል። ቡድኔ አንዱ ፓርክ ውስጥ ሲጫወት፣ እኔና ሽማግሌው ሌላ ፓርክ ውስጥ የማናውቃቸውን ሰዎች እንዳኛለን። የሚያመሰግን የለም፤ የሚሰድብ ግን አይጠፋም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሽማግሌው ተውት። «ልጄ፣ እኛን ያስቀመጡን ቅጣቱን እንድንከላከልላቸው ነው። ነቅተሃል?» አሉኝ።

ነቅቻለሁ። ግን ካፒቴኑ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ትጫወታለህ ብሎኛል። ቃል ነው ብዬ ያዝኩት።

ጨዋታው ከዳላስ ወጣ ብሎ ማኪኒ ነበር። ያን እሁድ የሚስቴ እህት ልጇን ክርስትና ታስነሳለች። ሚስቴ ሻንጣዬን ስታይ፦

«ዛሬም?» አለች።

«ዛሬ እጫወታለሁ። ዳኛ አይደለሁም።»

«ሂድ። ግን ሰው የት ሄደ ሲለኝ ምን እንደምል ንገረኝና ሂድ።»

«ሥራ ገባ በያቸው።»

ነጠላዋን አንስታ ቀድማኝ ወጣች።

ፓርክ አድርጌ ስወርድ ቡድኑ በሙሉ ሰማያዊ ለብሷል። ስማቸው ጀርባቸው ላይ ታትሟል። እኔ ብቻ ከፑኔ በለመድኩት ነጭ ነኝ። ሸሚዝ መታዘዙን የነገረኝ የለም። በቦታዬ የቆመው ከአርሊንግተን የመጣ አዲስ ተማሪ ነበር፤ ኳስ አርቆ የሚልክ፣ ከመኪናው እየጨፈረ የወረደ።

ካፒቴኑ ወደኔ መጣ፣ ዓይኑ ግን ሌላ ጋ ነው። «ከሚመጡት ዳኞች አንዱ ቀርቷል። የምንመታው እኛ ስለሆንን የጎደለውን መሙላት አለብን። ደግሞ ነጭ ለብሰሃል፤ የዳኛ ልብስ ነው።»

«እጫወታለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«ሶ ምን ላድርግ? ፍጥነት ያስፈልገናል።»

ዞሬ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ሚስቴን ያን ሁሉ ብያት ተመልሼ ምን ልላት ነው? ገብቼ በወርዋሪው በኩል ካሉት እንጨቶች ኋላ እንደ ዳኛ ቆምኩ።

ካፒቴኑ ጥሩ እየመታ ነበር። መሐል ላይ ግን አንዲት ፈጣን ኳስ የባቱን ጠርዝ ነካ አድርጋ አለፈችና ከኋላው የቆመው ጠባቂ መሬት ሳትነካ ያዛት፤ እንዲህ የተያዘበት መቺ ይወጣል። ድምፁን ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ተጋጣሚዎቹ ጮኹ። ጣቴን አነሳሁ፤ ወጥተሃል ማለት ነው። ተበቀለ የሚሉኝ ይኖራሉ። ብበቀል ኖሮ ደስታውን ባየሁት ነበር።

ካፒቴኑ ከቦታው አልነቃነቅም አለ። «አልነካኝም!»

«ነክቶሃል።»

ባቱን እየጎተተ ሲያልፈኝ በሂንዲ የተናገረውን የማይገባኝ መስሎት ነበር። ፑኔ መኖሬን ረስቷል። እዚህ ልጽፈው አልፈልግም፤ ቀለሜንም ኤርፖርት ላይ የምሠራውንም ሥራ የነካ ነበር።

ተሸነፉ። ፓርኪንጉ ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

«ሰው በገዛ ቡድኑ ላይ እንዲህ አያደርግም» አለኝ።

«የትኛው ቡድን? ሸሚዜ የታለ?»

«ሸሚዝ የሚታዘዘው ለተጫዋች ነው» አለ። ንዴት እንኳ አልነበረበትም። የታወቀ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገረው።

ሌሎቹ የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው ዕቃ እየጫኑ ነበር። ሁለት ዓመት አብሬያቸው የመታሁ፣ ምሳ የተካፈልኩ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ክርስትናው ላይ የደረስኩት ሰው ሲበተን ነው። ሚስቴ ምግብ አስቀርታልኝ ነበር፤ ሳህኑን አቀረበችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ተጫወትክ?»

«አልተጫወትኩም።»

ልትቆጣ የተዘጋጀች ይመስለኛል፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። ለእህቷም ሥራ ውሎ ነው የመጣው አለችልኝ። ያ ውሸት ከካፒቴኑ ንግግር ባላነሰ አመመኝ።

በሚቀጥለው ጸደይ ስልኬ ጮኸ። ካፒቴኑ ነው። ሰላምታው ሞቅ ያለ፣ እንዳልተጣላን። ሚስቴንና ሥራዬን ጠየቀኝ። ከዚያ «ሊጉ ሊጀምር ነው፤ ዳኛ ጎድሎናል» አለ።

ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነኝ።»

«ኦኬ፣ ኖ ፕሮብሌም» ብሎ ዘጋው። ትንሽ እንኳ አልለመነኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ቢለምነኝ እሄድ ነበር።