ኬንዲል ብሩሳርድ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ የሮጠበት ቀን

ኬንዲል ብሩሳርድ በአሜሪካ እግር ኳስ የሰባት ዓመት የሙያ ዘመኑ ኳስ ታቅፎ የሮጠው ርቀት ሁሉ ተደምሮ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ያርድ ነው። ይህ ማለት በሴንት ኦዲል ከእናቱ ከእትዬ ቨርሊን በረንዳ ተነስቶ የክርስትና አባቱ የአልሲድ ቋሊማ ቤት እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው። እትዬ ቨርሊን በሚያማቸው ወገብ፣ መንገድ ላይ ሦስት ሰው ሰላም ብለው፣ የአንዱንም ቤተሰብ ጤና ጠይቀው፣ በሩብ ሰዓት ይጨርሱታል። ልጃቸው ግን ሰባት ዓመት፣ አራት ክለብና ሁለት የጉልበት ቀዶ ጥገና ፈጅቶበታል። ይሁን እንግዲህ፤ እትዬ ቨርሊን ቋሊማ ሊገዙ ሲወጡ መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ተንደርድሮ መጥቶ አልወደቀባቸውም።

ሴንት ኦዲል ይህን ቁጥር አታውቀውም፤ ብታውቀውም አትቀበለውም። በሉዊዚያና ረግረግና ሸንኮራ አገዳ መሃል የተቀመጠች ከተማ ናት። ኬንዲል የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሳለ በአንድ አርብ ማታ የጎረቤት ከተማን ልጆች ስድስት ጊዜ አልፎ የጎል መስመር ከገባ ወዲህ ጤና የላትም። በውድድሩ ወራት ቄሱ የእሁዱን ቅዳሴ ከአንድ ሰዓት ወደ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያሳጥሩታል። ይህን የሚያደርጉት ለእግዚአብሔር ክብር ብለው እንዳልሆነ እግዚአብሔርም ያውቃል። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሮጣል። ኬንዲልም ሜዳ የሚገባው ዋናው ሯጭ የጫማውን ክር እስኪያስር ነው። ገብቶም አብዛኛውን ጊዜ ኳስ አይሰጡትም፤ ኳስ ወርዋሪው ፊት ቆሞ ለወርዋሪው የታሰበውን ምት እንዲቀበል ነው የሚፈለገው። ይመታል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ሴንት ኦዲልም "አያችሁት እንዴት እንደተመታ" እያለች በኩራት ታጨበጭባለች።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለሌላው ሰው ገና ሚስት የሚፈልግበት ዕድሜ ነው። ኳስ ይዞ ለሚሮጥ ሰው ግን የልጅ ልጅ የሚታቀፍበት ነው። ጋዜጠኞቹ "አንጋፋው ብሩሳርድ" ማለት ጀምረው ነበር፤ በዚያ ሥራ አንጋፋ የሚባለው መቃብሩ ተቆፍሮ ሬሳው ብቻ የሚጠበቅ ሰው ነው። ዘንድሮ ደግሞ ክለቡ ትሬሾን ኦክስ የሚባል የሃያ አንድ ዓመት ልጅ አመጣ። ልጁ ደግ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ አይንቋቋም። ኬንዲልን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ጋሼ ኬን" ይለዋል። የትኛው ተከላካይ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ በረዶ ውሃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚቀመጥ ይጠይቀዋል። ኬንዲልም አሳዳጊ የበደለው ሰው አይደለምና ሁሉን አስተማረው። አምስት ሳምንት ሙሉ የገዛ ወንበሩን በሌላ ሰው ልክ ሲያስተካክል ከረመ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ችግሩ የመጀመሪያው ጨዋታ ኒው ኦርሊንስ መሆኑ ነው፤ ከሴንት ኦዲል የሁለት ሰዓት መንገድ። እስከዚያ ድረስ ኬንዲል የተጫወተው ሰው ከነጓንቱ በሚበላባቸው የሰሜን ከተሞች ነበርና የአገሩ ሰው ከተማሪነቱ ወዲህ ሜዳ ላይ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ሐምሌ ላይ እናቱ በስልክ ትጫወታለህ አይደል ቢሉት፣ ምን ጥያቄ አለው ብሎ መለሰ። እትዬ ቨርሊን ስልኩን ዘግተው ሳይጨርሱ ሁለት አውቶቡስ ተያዘ። መቶ አራት ሰው ተመዘገበ፤ ለመቶ አራቱም ቁጥሩና ስሙ የታተመበት ቢጫ ካናቴራ ተሠራ። እንግዲህ ኬንዲል ክለቡ ትርፉን ተጫዋች በሚያሰናብትበት በነሐሴው ማክሰኞ ከሚቀሩት ከሃምሳ ሦስቱ ስም ውስጥ ካልገባ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቢጫ ለብሶ ኒው ኦርሊንስ የሚወርደው ማንን ለማየት እንደሆነ ለሕዝቡም ግራ ሊሆን ነው።

በዚያ ማክሰኞ በክለቡ ኮሪደር ላይ አቶ ሆሊስ ዋርድሎ ይንሸራሸራሉ። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አንዱ ዳሌያቸው ብረት ነው፣ ጫማቸው ድምፅ የለውም፣ አፋቸው የናና ከረሜላ ይሸታል። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል። በዚያ ቀን ግን ስማቸው መልአከ ሞት ነው። ሥራቸው ወደ አንድ ተጫዋች ጠጋ ብሎ፣ "አሰልጣኙ ይፈልጉሃል፤ የጨዋታ መጽሐፉን ይዘህ ና" ማለት ብቻ ነው። መጽሐፍ ይባል እንጂ ዛሬ ታብሌት ነው፤ ሞቱ ግን ያው የድሮው ነው። በሬ የሚያክሉ ሰዎች እሳቸውን ሲያዩ ሽንት ቤት ገብተው ይቆልፋሉ።

ተጫዋቾቹ ዘንድ ደግሞ የታወቀ ሕግ አለ። ዋርድሎን የመሰለ ሰው ፊት ለፊት አግኝቶህ ያችን ቃል ካልተናገረህ፣ አንተም መጽሐፉን በእጅህ ካላስረከብክ፣ አልተባረርክም። አሥር ሰዓት ሲሆን መዝገቡ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ማንም አይነካህም። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው እንፋሎት መታጠቢያ ውስጥ ተደብቆ ውሎ ዓመቱን ሙሉ ተጫውቷል። የሰውየውን ስም የሚያውቅ የለም፤ የክለቡንም እንዲሁ። ታሪኩን ግን የማያምን ተጫዋች አልተወለደም። ኬንዲልም ያምናል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኩን አጥፍቶ ካልሲው ውስጥ ከተተና በእናቱ ስም ሮጠ።

መጀመሪያ የገባው ፎጣ ማከማቻው ውስጥ ነው። ከፎጣው ክምር ኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ላብ ሲያጠምቀው ቆየ። እዚያ የደረሰበት ትሬሾን ነው፤ ፎጣ ፍለጋ መጥቶ።

"ጋሼ ኬን፣ አቶ ዋርድሎ እየፈለጉህ ነው።"

"አላየኸኝም።"

"እያየሁህ ነው እኮ።"

"ትሬሾን።"

"እሺ፣ አላየሁህም።" ልጁ ፎጣውን ይዞ በሩ ጋ ደረሰና ተመለሰ። "እኔንስ ቢፈልጉኝ የት ልደበቅ?"

"አንተን አይፈልጉህም" አለው ኬንዲል።

ይህን የተናገረው ለማጽናናት ነበር። አፉ ከተናገረ በኋላ ግን ጆሮው ሰማው። ለምን እንደማይፈልጉት ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም። ፎጣው ውስጥ መቀመጥ አስጠላውና ወጣ።

ቀጥሎ የገባው ኳስ በእግር የሚመቱት ሦስት ሰዎች ክፍል ነው። ስሙ እግር ኳስ በሆነ ጨዋታ እግራቸውን የሚጠቀሙት እነሱ ብቻ ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ይመስላል ማንም እንደ ተጫዋች አይቆጥራቸውም። ደብቁኝ አላቸው። አንደኛው፣ ዋርድሎ እዚህ ድርሽ አይሉም፣ ስማችንንም አያውቁትም ብሎ ወንበር ሰጠው። ኬንዲል ሰባት ዓመት ሙሉ ከእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ አያውቅም ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ነፋስ አቅጣጫ፣ እንዲሁም ሰው እንዴት እንደሚንቃቸው ሲያጫውቱት ቆዩ። መልአከ ሞትን ቢያገኝ ይሻለው እንደሆን ማሰብ ሲጀምር ረሃብ አወጣው።

ምግብ ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ሙዝ በእጁ እንደያዘ፣ ዋርድሎ ከወዲያኛው ጫፍ ብቅ አሉ። አንዴ ላነጋግርህ አሉት። ኬንዲል ሙዙን ጆሮው ላይ ለጥፎ ስልክ ላይ እንደሆነ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ሽማግሌው አልቆሙም። ኬንዲል በግራ ትከሻው አዘነበለ፤ ዋርድሎም ወደዚያው። ያን ጊዜ ኬንዲል ግራ እግሩን ተክሎ እጥፍ አለ። ጉልበቱ ከተቀደደ ወዲህ ሠርታለት የማታውቅ እጥፋት፣ አሥር አሰልጣኝ ለምኖ ያላገኛት፣ እዚያ በሾርባ ጋሪና በግድግዳ መሃል መጣችለት። ዋርድሎ ባዶ አየር አቀፉ። ኬንዲል በወጥ ቤቱ ጥሶ፣ በጓሮ ወጥቶ ተሰወረ። ወጥ ሠሪዎቹ ጭልፋቸውን ይዘው አጨበጨቡለት። በዚያ ዓመት የተጨበጨበለት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የቀረውን ሰዓት የልምምድ ሜዳው ዳር፣ ሣር ማጨጃው ቤት ውስጥ አሳለፈው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥርን ሲነካ ወጣ። ፀሐይዋም ሜዳውም የእሱ ሆኑ። ስልኩን ከካልሲው አውጥቶ ከፈተ፤ ስልሳ ሦስት መልእክት ተንጫጫ። አንዱንም አላነበበም። የእንኳን ደስ ያለህ ሰልፍ መስሎታል። ቀጥታ እናቱ ጋ ደወለ።

"እማ፣ አለፈ። አላገኙኝም፤ ስለዚህ አልፌያለሁ። አውቶቡሶቹን አሰናዱ።"

ከወዲያ የሳህን ድምፅ ነበረ፣ እሱም ቆመ።

"እቤት ሰው አለ እንዴ?"

"ጥቂት ሰዎች" አሉ እትዬ ቨርሊን። አርባ አንድ ሰው ማንኪያውን አየር ላይ ይዞ ያያቸዋል። "ደስ ብሎናል ልጄ። በጣም ደስ ብሎናል።" ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻሉምና ስልኩን እንደጋለ ድስት ለአልሲድ አቀበሉት።

አልሲድ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፤ ቋሊማም ሆነ ነገር ማስረዘም አይወዱም። "ስማኝ ልጄ" አሉት። "እዚህ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ለቅሶ ላይ ነን።"

"የማን ለቅሶ?"

"ያንተ ነዋ። ስምህ ከተሰናበቱት ጋር በቴሌቪዥኑ ግርጌ በቀይ ጽሑፍ አለፈ። ሁለት ጊዜ ነው ያለፈው፤ ሁለተኛውን እናትህ እንዳያዩት ፊታቸው ቆሜ ነበር። የድንች ሰላጣው ብቻ ዘጠኝ ሳህን ሆኗል።"

በሴንት ኦዲል ሰው ሲሞት ጎረቤት የተከደነ ሳህን ይዞ ይመጣል። የኬንዲል ስም በቀይ ባለፈ በሩብ ሰዓት ውስጥ አራት ድስት የባሕር ምግብ ወጥ፣ ሁለት ድስት ቀይ ባቄላ በሩዝና ያ ሁሉ ሰላጣ እትዬ ቨርሊን ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ነበር። ቄሱም ባርኔጣቸውን አውልቀው ገብተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዴት ሆነ ብለው ጠይቀዋል።

ኬንዲል ስልኩን ሲያወርድ ዋርድሎ ከሜዳው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ዳሌያቸውን እያሹ ተቀምጠዋል።

"ስምህ የተላከው በስድስት ሰዓት ነው" አሉት። "ፊት ለፊት መነገር የሚባል ሕግ የለም። ኖሮም አያውቅም።"

"ታዲያ ለምን ሲያሳድዱኝ ዋሉ?"

"ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከቴሌቪዥን መስማት የለበትም ብዬ ነዋ።" ከረሜላ አውጥተው አንዱን ሰጡት። "ዛሬ አሥራ ስምንት ሰው አሰናብቻለሁ። የሚያለቅስ አለ፣ የሚሳደብ አለ። ያስሮጠኝ ግን አንተ ብቻ ነህ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ፣ ኬንዲል። ዘንድሮ ለአሰልጣኙ ግማሹን ሮጠህለት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስፈልግህ አልውልም ነበር።"

ኬንዲል ሳቅ መጣበት፤ ሲስቅ ሲስቅ ዓይኑን ጠረገ። ታብሌቱን አስረከበ፤ ሽማግሌውንም እያነከሱ ስለነበር እስከ በሩ ደገፋቸው።

አገሩ ሲገባ ሐሙስ ነው። ስለ አውቶቡሶቹ ስብሰባ የተደረገው እሱ ባለበት ነው፤ የተወራው ግን እንደሌለ ሆኖ፣ ልክ እንደ ሟች። አንዳንዶቹ ጉዞው ይቅር አሉ። ሌሎቹ ካናቴራው ታትሟል፣ ትኬቱም ተቆርጧል፣ ይህ ሁሉ ምግብስ ማን ይጨርሰዋል አሉ። ሦስተኛው ነገር ሁሉን አሸነፈ፣ ጉዞው ጸደቀ። ልጁ ግን ባይመጣ ይሻላል፣ ይከፋዋል ብለው እያዘኑለት ሳለ ኬንዲል እሄዳለሁ አለ። ሪህ የተነሳበት አንድ ሰው ትኬቱን ለቀቀለት። የአውቶቡሱን ወንበር ግን ድስቶቹ ቀድመው ስለያዙት፣ የጉዞው ባለቤት ሁለቱን ሰዓት ኮሪደሩ ላይ በረዶ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሄደ።

ስታዲየሙ ውስጥ በእናቱና በአልሲድ መሃል ተቀመጠ። ዙሪያውን መቶ ሦስት ጀርባ ላይ ብሩሳርድ ብሩሳርድ ይላል፤ ራሱ ግራጫ ሹራብ ለብሷል። ትሬሾን ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጠው ሦስት ሰው ከመሬት ደባለቀው። በሁለተኛው ግን የተከላካዮቹ ግንብ በግራ በኩል ሊሰነጠቅ ሲል ከማንም በፊት አየው። ምን እንዳስነሳው ሳያውቅ ተነሳ። "ወደ ውስጥ ታጠፍ" ብሎ ጮኸ፤ በዚያ ጩኸት መሃል ልጁ ሊሰማው አይችልም። ትሬሾን ግራ እግሩን ተከለ፣ እጥፍ አለ፣ ክፍተቱ ውስጥ ገባና አርባ ያርድ ሮጠ። ኬንዲል ሁለት እጁን ሰቅሎ፣ ትከሻውን እንደ በር ዘርግቶ ቆሞ ቀረ።

"አንተ ሰፊው" አለ ከኋላው አንድ የማያውቀው ሰው፣ "ቁጭ በልልን እንጂ፣ ጨዋታ ልናይ ነው የመጣነው።"

መቶ ሦስቱ ቢጫ ካናቴራ በአንድ ጊዜ ወደ ሰውየው ዞረ። አልሲድ ይህ ማን እንደሆነ ታውቃለህ ሊሉት ከወንበራቸው ግማሽ ተነስተው ነበር። ኬንዲል እጁን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርጎ መለሳቸው።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ መቆሜንም አላወቅኩት" አለና ተቀመጠ።