ቸርኬ ከቸርኬው፣ ዳዶ ከዳዶው

ሰው ሚስት በሚፈልግበት ዕድሜ እኔ ባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ እፈልግ ነበር። ነቀምቴ ውስጥ ጫማውን የሚያስጠርግ ባለሥልጣን ሁሉ፣ ቀለሙ እስኪያልቅ ድረስ ከባኬ ጃማ ሰፈር እስከ ገበያው እከተለው ነበር ብል ያጋነንኩት ግማሹን ብቻ ነው። እናቴ ነፍሷን ይማርና ለጎረቤት ስታማኝ፣ “የሰው ልጅ ልጅ ይወልዳል፤ የእኔው ቸርኬ ይወልዳል” ትል ነበር። ቸርኬ የመኪና ጎማ የሚታሰርበት ክብ ብረት ነው፤ የእኔው ከቀለም ቆርቆሮ ይወጣ ነበር። እውነቷን ነው፤ ያን ጊዜ ከወለድኩት ቸርኬ ብዛት እስካሁን የልጅ ልጅ ሳላይ አልቀርም።

ሥራችን መኪና መሥራት ነበር። ሕፃናት በሽቦ እየገፉ የሚሮጡበትን ማለቴ አይደለም። የእውነተኛው አንድ ክንድ በእኛ አንድ ጣት ሆኖ፣ በሲባጎ ተለክቶ፣ በሩ የሚከፈት፣ መሪው የሚዞር መኪና። “ሥራችን” ያልኩት ሁለት ስለነበርን ነው። እኔ ከሸዋ መጥቶ እዚያው የቀረ የባለሱቅ ልጅ ነኝ፤ ቀን ቀን አባቴ ሱቅ ጨውና ላምባ እሸጣለሁ። እሱ የአገሩ ልጅ ነው፤ ጋራዥ ይሠራል፣ እሁድ እሁድ በሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይመራል። እኔ እሱን “ሚቹ” እለዋለሁ፣ በኦሮምኛ ወዳጅ ማለት ነው፤ እሱም እኔን “ሚቹ” ይለኛል። አንድ ሰው መንገድ ላይ “ሚቹ!” ብሎ ከተጣራ ሁለታችንም እኩል እንዞራለን።

እሱ ከጋራዥ የተጣለ ብሎንና የብሎን ማሰሪያ ዳዶ ያመጣል፤ እኔ ከሱቅ የሰርዲን ቆርቆሮና የክብሪት ቀፎ አመጣለሁ። የተሰበረ ጃንጥላ ዘንጉ መኪናዋን ከሥር የሚሸከም ባሌስትራ ይሆናል፤ የእስክሪፕቶ ሞላ ከመቀመጫው ሥር ይገባል። ጎማ የምንቆርጠው ካለቀ በረባሶ ነው። ጎማ የነበረው በረባሶ ሆኖ፣ በረባሶው መልሶ ጎማ ይሆናል፤ ትንሣኤ ሙታን ማለት ለእኔ ይሄ ነው። የፊት መስተዋቱን ደግሞ ከተጣለ የራጅ ፊልም እናወጣለን። ፊልሙን በአመድ ስናሸው አንዳንዱ አልለቅ ይላል፤ አንዷ አውቶቡሳችን ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ የምታየው በአንድ የማናውቀው ሰው ጎድን አጥንት መሀል ነበር።

ይህ ሁሉ ትርፍ ዕቃ የሚቀመጠው አባቴ ድሮ ቅመም ይሸጡበት በነበረ ባለ ብዙ መሳቢያ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ምስጥ አንድ እግሩን ስለበላው ጓሮ ተጥሎ ነበር፤ ድንጋይ አስደግፈን አቆምነው። የሠራነው መኪና ሁሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸት ነበር። ጠባችንም ከዚሁ ሣጥን ወጣ።

እኔ ዕቃ በዓይነቱ ይቀመጥ ባይ ነኝ። ቸርኬ ከቸርኬው፣ ዳዶ ከዳዶው፣ ሞላ ከሞላው። በየመሳቢያው ፊት ውስጡ ካለው ዕቃ አንድ አንድ በሽቦ አስሬ አንጠለጠልኩ፤ ምልክቱ ራሱ ዕቃው ነው። ማታ መብራት ቢጠፋ እንኳ በእጅ ዳብሶ ማግኘት ይቻላል። ሚቹ ግን በየመኪናው ይቀመጥ ባይ ነበር፤ የአውቶቡሷ ትርፍ በአንድ መሳቢያ፣ የጭነት መኪናዋ በሌላ።

“ቤተሰብ አይበተንም፣ ሚቹ” ይለኛል። “አንዱ የጎደለ ጊዜ የማን እንደጎደለ በምን ታውቃለህ?”

“እቆጥራለሁ።”

“ብትቆጥር ብዛቱን ታውቃለህ እንጂ ቤቱን አታውቅም።”

“ዳዶ ደግሞ የማን ልጅ ነህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? የገባበት ቤቱ ነው።”

“ላኪ!” ይላል፤ አይሆንም ማለቱ ነው። “ላኪ፣ ላኪ! አንተ ዘንድ የገባ ሁሉ ወላጅ አልባ ይሆናል።”

ክርክሩን የሣጥኑ ባለቤት ልጅ አሸነፈ። በዓይነት ተደረደረ፤ የእሱ ብሎን ከእኔ ብሎን ተጋባ።

ከሠራናቸው ሁሉ የምትበልጠው ኤንትሬዋ ነበረች። ኤንትሬ ያን ዘመን የወለጋን ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚሄደው፣ ፊቱ ድፍጥ ያለው የጣሊያን የጭነት መኪና ነው። ሹፌሩ ምሳ ሲበላ ከላይ እስከ ታች ለካነው። ረዳቱ ሮጦ መጣና፣ “ምን እያደረጋችሁ ነው?” አለን። “ሱሪ ልናሰፋለት ነው” አልኩት። የእኛዋ ስትሠራ ክረምት መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ባሌስትራዋ ሲጫኑት ይለጠጣል፤ መሪዋን ሲያዞሩት የፊት ጎማዋ ይታዘዛል። የቀራት የኋላው መዝጊያና ቀለሙ ብቻ ነበር።

ሚቹ አኖ ሥራ ያገኘው ይኼኔ ነው። የወፍጮ ቤት መካኒክ። አኖ በአዲስ አበባ መንገድ ያለች ከተማ ናት፤ ሩቅ አትባልም፣ ግን ማታ ማታ ደርሰው የሚመለሱባት አይደለችም።

“ኤንትሬዋን ይዤ ልሂድ” አለኝ። “እዚያ እጨርሳታለሁ።”

ለእኔ ነገሩ የመኪና ነገር አልነበረም። ኤንትሬዋ ሣጥኑ ዘንድ ከቀረች ሚቹ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱ አይቀርም፤ ከሄደች ምን ብሎ ይመጣል? ጨው ሊገዛ? ይህንን ለሰው መናገር ግን አፌ አልለመደም። አፌ የለመደው ቀልድ ነው። “የእሷን ትርፍ ዕቃ ከየመሳቢያው ከለየህ ውሰዳት” አልኩት እየሳቅሁ።

መሳቢያ ሳበ፤ ሌላ ሳበ። ዳዶው ሁሉ አንድ ላይ ነው፤ የትኛው የኤንትሬዋ እንደሆነ መልአክ ቢወርድ አይለየውም። ፊቱ ጠቆረ።

“ብዬህ ነበር” አለኝ። “ይሄ ሽማግሌ ይፈልጋል።”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በእኛ አገር ሰው ለድንበርና ለላም ሽማግሌ ያስቀምጣል፤ ለበረባሶ ጎማ ያስቀመጠ ግን አልሰማሁም። እሱ አስቀመጠ። ከእሱ ወገን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ መጡ፤ “አባ ኮ” ይላቸዋል፣ አባቴ እንደማለት። ከእኛ ወገን አባቴ የሰፈራችንን ባላምባራስ ጠሩ። ባላምባራስ በበቅሎ መጡ። ለእሳቸው ጠላ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሻይ ቀርቦ ጓሮ ተቀመጥን።

“የምን መሬት ነው?” አሉ ባላምባራስ።

“መሬት አይደለም ጌታዬ፤ መኪና ነው።”

“መኪና! የታለ?”

ኤንትሬዋን አምጥቼ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። ባላምባራስ ጎንበስ ብለው አዩአት፣ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ በር ላይ የታሰረችውን በቅሏቸውን አዩ።

“በቅሎዬ ትበልጣለች” አሉ።

ቢሆንም ሽማግሌ ከተቀመጠ ሳይፈርድ አይነሳም። መጀመሪያ ትርፍ ዕቃው ቀረበ። መሳቢያው አንድ በአንድ ቆዳ ላይ ተገለበጠ፤ አንድ ለአንተ፣ አንድ ለአንተ እየተባለ ተቆነጠረ። እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ፍርድ ዓይቼ አላውቅም። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተሠራው የፊት መብራት አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእኔ። አራት አራት ሆኖ የተቆረጠው ጎማ ሁለት ሁለት።

“ጌታዬ፣ መኪና በሁለት ጎማ አይሄድም” አልኩ።

“ብስክሌት ሥራበታ!” አሉኝ ባላምባራስ።

ኤንትሬዋ ግን አንድ ናት። ሚቹ፣ “ብረቱ የጋራዡ ነው፤ የእኔ ናት” አለ። እኔ፣ “ሣጥኑ የእኛ ነው” አልኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሻያቸውን አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ ፊታቸው በርቷል።

“እንግዲያው መቀስ ይምጣ” አሉ። “ለሁለት ትቆረጥ። ፊቷን አንዱ፣ ኋላዋን አንዱ ይውሰድ።”

ባላምባራስ ወዲያው ገባቸውና በአንድ ዓይናቸው ጠቀሱኝ። ለሁላችንም ገብቶናል። ነቀምቴ ላይ በጾም የማይስማማው፣ በታቦት የማይስማማው ሁሉ በንጉሥ ሰሎሞንና በሁለቱ ሴቶች ታሪክ ይስማማል። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጃቸውን አጣምረው እውነተኛይቱን እናት መጠበቅ ጀመሩ። አባቴም መቀሱን ይዘው መጡ፤ ቆርቆሮ የሚቆርጡበትን ትልቁን።

ብረቱን ሳየው፣ “ኧረ በእግዚአብሔር!” ብዬ ተነሣሁ። “አትቁረጧት! እሱ ይውሰዳት። እንዳለች ይውሰዳት!”

ከልቤ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ የተናገርኩት ቃል የለም።

 ባላምባራስ በሳቅ ፈነዱ። ጠላው በአፍንጫቸው ወጣ። “እዩልኝ ይሄን! እናትየዋን ሲጫወት! እንባም እኮ አለው!” አባቴ መቀሱን እንደያዙ በሳቅ ተንፈራፈሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም።

“በቃለ እግዚአብሔር አይቀለድም፣ ልጄ።”

“ማሎ፣ አባ ኮ!” አልኩ፤ እባክዎ ማለቴ ነው። “እየቀለድኩ አይደለም።” ኦሮምኛዬ የሸዋ ነውና ይሄኛው ከፊተኛው ይልቅ አሳቃቸው።

ወደ ሚቹ ዞርኩ። ሌላው ባያውቀኝ እሱ ያውቀኛል። እሱም ይስቅ ነበር። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

“የገዥው ጊዜም ፊትህ እንዲህ ነበር” አለኝ።

አንድ ጊዜ የአውራጃው ገዥ አውቶቡሳችንን ሊያዩ ይፈልጋሉ ብዬ፣ ፊቴን አኮሳትሬ አታልዬው ነበር። የእሁድ ልብሱን ለብሶ፣ አውቶቡሷን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ እስከ ቀትር የገዥው ግቢ በር ላይ ቆመ። ከተማው አንድ ወር ሳቀ። እሱም አብሮ ስቆ ነበር፤ ያለፈ መስሎኝ።

“ትቆረጥ” አለ ሚቹ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሰሎሞን አንዷ እናት ስትጮህ ሁሉ ቢስቅባት ምን ያደርግ እንደነበር መጽሐፉ አልነገራቸውም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከንፈራቸውን አላቀቁ፤ ሐሳባቸውን ሊመልሱ ነበር መሰለኝ። ባላምባራስ ግን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ “የሽማግሌ ቃል ከወጣ አይመለስም” አሉ።

አባቴ ከጋቢናዋ ኋላ ቆረጡ። ባሌስትራዋ ሲለቀቅ እንደ ክራር ክር ጮኸና አንዷ ዘንግ ባላምባራስ ዋንጫ ውስጥ ገባች። ከዚያ ተነሥተን ጉልበት ስመን፣ ተቃቅፈን ታረቅን፤ በሁለት ቋንቋ ተመረቅን። እንደዚያ ሞቅ ያለ ምርቃት በሠርግም አልሰማሁም። ሚቹ በሳምንቱ የኤንትሬዋን ፊት በጆንያ አድርጎ አኖ ሄደ። ቅዳሜም መጣ፤ ሌላ ቅዳሜም መጣ፤ ሚቹ አልመጣም። እኔ አንድ አንድ መብራትና ሁለት ሁለት ጎማ በዓይነቱ ደርድሬ የምገጥመው አጣሁ፤ ሣጥኑን አባቴ ለማገዶ ፈለጡት።

ከዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ አኖ ላይ ተሳፋሪ ሊጭን ቆመ። ወርጄ ወፍጮ ቤቱን ጠይቄ ሄድኩ። ሚቹ እስከ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ሆኖ ወጣ። በወለጋ ደንብ ሰላምታ ተለዋወጥን፤ እናትህ ደህና ናት፣ አባትህ ደህና ናቸው፣ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። ሁሉም ሲያልቅ እጁን እንደያዝኩ፣

“ሚቹ፣ ያን ቀን የምሬን ነበር” አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ መጣ፤ ከፀጉሩ ዱቄት ረገፈ።

“አንተ ሰው! እስከ ዛሬ አልተውክም?” ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ተራ ወደሚጠብቁት ሰዎች ዞሮ፣ “ኮታ፣ ኮታ! ኑ እዩት! ነቀምቴን ሙሉ ያሳቀው ያልኳችሁ ይሄ ነው!” አለ።

መጡ። ከበቡኝና አፍ አፌን እያዩ ጠበቁ። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ይነፋል። እኔም አንድ ነገር አልኩ፤ ምን እንዳልኩ ዛሬ አላስታውሰውም። ጥሩ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዲት ሴትዮ በሳቅ ጤፏን ደፋች።