ሃያ ሦስት ጊዜ የተነካ ቁልፍ

አባቴ ቡናውን ነቅሎ ጫት ሊተክል ማሰቡን የነገረኝ በስልክ ነው። መቻራ ያለው ማሳችን በሦስት በኩል በጫት ተከቧል፤ አብዛኛው ጎረቤት ቡናውን ከነቀለ ቆይቷል። እኔ ጭሮ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት፣ ሥራ ሲገኝም ለሰው ድረ ገጽ የምሠራባት አንዲት ክፍል አለችኝ። ቡናውን የተከለው አያቴ ነው። ልጁ በገዛ እጁ ሲነቅለው ማሰብ አቃተኝና «አንድ ዓመት ስጠኝ፣ አባ» አልኩት። «ገዢውን እኔ ራሴ አመጣልሃለሁ። ዘንድሮ ካልሆነልን ያኔ ንቀለው።» አፍ መክፈት ምን ይከብዳል! አባቴም «እሺ፣ አንድ ዓመት» አለ።

ከእሱ ሌላ ቡናቸውን ያልነቀሉ ስድስት አባወራዎች ነበሩ። ለሰባቱም አንድ ድረ ገጽ ሠራሁላቸው። ቅዳሜ ቀን በሚኒባስ ሄጄ ማሳውን፣ ፀሐይ ላይ ከነገለባው የተሰጣውን ቡና፣ ጀንፈሉን፣ የሽማግሌዎቹን እጅ ሳይቀር ፎቶ አነሳሁ። ከገጹ ግርጌ «ናሙና እፈልጋለሁ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አደረግሁ፤ ገዢ ሲነካው ስሙንና ስልኩን የሚሞላበት ቅጽ ይከፈትለታል። ታግ ማኔጀር የሚሉት መሣሪያ አለ። አንዴ ትንሽ ኮድ ገጹ ውስጥ ካስገቡ በኋላ፣ ማን ከፈተው፣ እስከ የት ወረደ፣ የቱን ቁልፍ ነካ የሚለውን ከውጭ ሆኖ ማስቆጠር ይቻላል። እኔም ቁልፉ በተነካ ቁጥር አንድ ብሎ እንዲቆጥርልኝ አዘዝኩት። በዚህ ሥራዬ ኮርቼ ነበር፤ ከጭሮ ወጥቼ የተማርኩት ነገር የለም፣ ሁሉንም ከስልኬ ነው የለቀምኩት።

ገጹ ባለቀ ቅዳሜ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሰባቱም አባወራዎች እኛ ቤት በርጫ ላይ ጫት እየቃሙ ተቀምጠው ነበር። ላፕቶፔን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ የአባቴን ስልክ ተቀብለው ቁልፉን በአውራ ጣታቸው ነኩት፤ ወዲያው እኔ ፊት አንድ ተቆጠረ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በእኛ ቤት የሚወራው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው እንደገባኝ ነው።

«ጭሮ ሆነሽም ይታይሻል?» አሉኝ።

«ጭሮም ሆኜ ይታየኛል።»

«ስንት ጊዜ ሲነካ ነው ታዲያ ገዢው የሚመጣው?»

ሚኒባሱ ሊሄድብኝ ነው፣ ሾፌሩ ጡሩምባውን ያስጮኸዋል። ቦርሳዬን እየዘጋሁ «ብዙ ሲነካ ነዋ!» አልኩና ሮጥኩ። ሽማግሌው ከኋላዬ ዱዓ ሲያደርጉልኝ ይሰማኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያሳፍሩ ነበሩ። በቀን ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ ባዶ፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ ስሞክር እኔው ራሴ የነካሁት ነው። አባቴ ማታ ማታ ሲደውል የተለመደው ውሸት እንኳን አልመጣልኝም። «ሦስት» እለዋለሁ። «ሦስት ብቻ?» ይላል። ድምፄ ተሰብሮ እንደነበር በኋላ ነው የነገሩኝ።

ከዚያ ቁጥሩ ተነሳ። ዘጠኝ። አሥራ አራት። አንድ ሰኞ ሃያ ሦስት! ሱቁ ውስጥ ወረቀት ሊያስኮፒ የመጣ መምህር ፊት ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ከየት ነው የሚነኩት ብዬ ስመለከት ሁሉም ከአዲስ አበባ ይላል። ምን እፈልጋለሁ ከዚህ በላይ? ለአባቴ ደወልኩና «አልሐምዱሊላህ! ዛሬ ሃያ ሦስት! በጣም ነው የማመሰግነው!» እያልኩ ጮህኩ። እሱም ደስ ብሎት «ገና ይጨምራል፣ ኢንሻ አላህ» አለኝ። እርግጠኛነቱ ገርሞኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቁጥሩን ስነግረው እንዲሁ አመሰግን ነበር።

የሚያስጨንቀኝ ቅጹ ነው። ቁልፉን ይነኩታል፣ ቅጹን ግን አንድም ሰው አይሞላውም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ስድስቱን ጥያቄ ወደ ሁለት አወረድኩት። ቁልፉን ቀይ አደረግሁት፣ ወደ ላይ አወጣሁት፣ ቅጹን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩት። ምንም። ኔትወርኩ ይሆናል አልኩ፤ ገዢዎቹ እያመነቱ ይሆናል አልኩ። ሰው ሲጨንቀው ለራሱ የማይፈጥረው ምክንያት የለም።

በየዓመቱ ከየቤቱ ቡና የሚገዛው ሰብሳቢ መኪናውን ይዞ መቻራ ሲገባ አባቴ ደወለ። «መጥቷል። ምን ልበለው?» አለኝ። ስክሪኑን አየሁ፤ ሃያ ስድስት። «ጠብቅ በለው፤ የተሻለ ገዢ አለን» አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ ያኔም «ጠብቅ» አልኩ። በሦስተኛው ሰብሳቢው ጭነቱ እንደሞላና ዘንድሮ ተመልሶ እንደማይመጣ ተናገረ። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተናወጠም። ሰባት ቤት ሙሉ ጀንፈል በእኔ ቃል ተቀመጠ። ዝናቡ ደግሞ ሊገባ ነው።

አንድ ረቡዕ ቆጣሪው ዜሮ ሆነ። ከሰዓት ዜሮ፣ ማታም ዜሮ። የሚቆጥረው ኮድ ተበላሽቷል ብዬ መሞከሪያውን ከፈትኩ፤ እኔ ስነካው ይቆጥራል። አጥፍቼ እንደገና ለቀቅኩት፤ ይቆጥራል። ስልክ ቀይሬ ሞከርኩ፤ ይቆጥራል። ደንበኛ «ኮፒው ደረሰ ወይ?» ሲለኝ ተቆጥቼ አባረርኩት። መሣሪያው ደህና ነው፣ ኔትወርኩ ደህና ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ግን አንድም ሰው የለም።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ቀድሞኝ ደወለ።

«ለትናንቱ አትቀየሚን፣ ልጄ» አለኝ። «ቀብር ነበረብን። ቀኑን ሙሉ መቃብር ዋልን፣ ማንም ስልኩን አላነሳም። ዛሬ እጥፍ አድርገን እንነካልሻለን።»

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። «እነማን ናችሁ የምትነኩት?» አልኩት።

«ሁላችንም ነና! ጉዛ አድርገነዋል እኮ።»

ጉዛ በእኛ አገር ጎረቤት ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ በአንድ ቀን ቆፍሮ የሚጨርስበት ወግ ነው። ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ ይባላል፤ የሚቀር ሰው የለም። አባቴ ድምፄ መሰበሩን ሲነግራቸው ልጅቷ ብቻዋን አትልፋ ብለው ቁልፉን ተከፋፈሉት። በየቀኑ ከዙህር በኋላ በርጫ ላይ ሲቀመጡ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው በጎረቤቱ ስልክ ይነካል። ገዢን የሚጠራው ይህ ልፋት መስሏቸዋል። እኔ በየቀኑ ቁጥር ስነግራቸው ውለታቸውን የምቆጥር መስሏቸው ነበር።

ስልኩን ዘግቼ እስከዚያ ቀን ገልጬ የማላውቀውን የሰዓት ዝርዝር ከፈትኩ። ሁሉም የተነካው ከዙህር እስከ አሱር ሶላት ባለው ጊዜ ነው። ስልኮቹም እየተመላለሱ እነዚያው ናቸው። አዲስ አበባ የሚለውም ምንም አይደለም፤ የአገሩ የሞባይል ኢንተርኔት በሙሉ ከየትም ቢከፈት እዚያ ያለ ይመስላል፣ ይህንን ደግሞ ሥራው ነው የሚል ሰው ማወቅ ነበረበት። የራስን ሰው ከቆጠራ የሚያወጣ ማጣሪያም አለ። ተምሬው ነበር፤ ገበሬ ድረ ገጽ አይከፍትም ብዬ ናቅኩትና ተውኩት። በራሴ አፈርኩ፤ ከማፈርም አልፎ ራሴን ጠላሁት።

ጨርቄን ማቄን ሳልል ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ። በበደሳ በኩል መቻራ እስክደርስ መንገዱ አላልቅ አለኝ። ጀንፈሉን እንዲወስድልን ልለምነው በቀጥታ ሰብሳቢው ወደሚያድርበት መጋዘን ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል፤ መኪናው ከወጣ ሁለት ቀኑ ነው አሉኝ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ግድ አልሰጠኝም።

አባቴን ያገኘሁት ማሳው ውስጥ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ አንድም ገዢ እንዳልነበረ፣ ቁጥሩ በሙሉ የእነሱው ጣት እንደሆነ።

«ታዲያ» አለኝ መጨረሻ ላይ፣ «በየቀኑ ስታመሰግኚ የነበረው ማንን ነው?»

ሳመሰግን የነበረው ገዢዎቹን ነው። እሱም የቡናውን ቅጠል ትንሽ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ዝናቡ ሳያልፍ ጫቱን መትከል አለብኝ» አለ። ሳይቆጣኝ ነው ያለው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዙህር በኋላ ጎረቤቶቹ ተሰበሰቡ። እኔ እነግራቸዋለሁ ስል አባቴ እጄን ያዝ አደረገኝና ቀደመኝ። «ገዢው መንገድ ተበላሽቶበት ቀረ» አላቸው። ያ ሰው ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቹ ተያዩ፣ አዘኑ፣ ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«አይዞሽ፣ ልጃችን» አሉኝ። «ዘንድሮ ለፋን፣ አልሞላም። ለከርሞ ከጠዋት ጀምረን እንነካዋለን።»

ሁሉም «ኢንሻ አላህ» አሉ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ለከርሞ በማሳችን ቡና እንደማይኖር ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።